ነፍስ ይማር ብዬ ፒያሳን ያስሮጥኩበት ሳምንት

ይህ ጽሑፍ ሰላምታ የለውም። ባለጌ ሆኜ አይደለም፤ ምክንያቱን መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ። ለጊዜው ሰላም ብሎ እንደ ገባ ሰው ቁጠሩኝና ወንበር ስጡኝ።

የምጽፈው አሰላ ላላችሁት፣ ከእኔ በኋላ አማርኛ በማስተማር ለምትደክሙት ነው። «ጋሽ ወርቁ፣ አዲስ አበባ ተማሪው ድርሰቱን በብሎግ ይጽፋል ይባላል። እኛ መሄድ አንችልም፤ እርስዎ ጊዜ አለዎት፣ አይተው ይንገሩን» ብላችሁ ላካችሁኝ። ጊዜ እንዳለኝ ያወቃችሁት ጠዋት ጠዋት አጥሬ ላይ ተደግፌ አላፊ አግዳሚውን ስለምመረምር ነው። ይኸው ሄጄ አይቻለሁ። ካየሁት ይልቅ ግን የታየሁት ይበልጣል።

ረቡዕ

የእህቴ ልጅ ሙሉ፣ አራዳ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል አማርኛ ታስተምራለች። ልመጣ ነው ብዬ ስደውልላት «እንዲያውም ጋሼ፣ እርስዎን ነው የምፈልገው» አለችኝ። በዚህች ቃል ደረቴን ነፍቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ከአሰላ ስንነሳ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ካፖርቴን ደርቤ፣ ለሙሉ የያዝኩትን የቅቤ ዕቃ ከሰው እግር ላድን ብዬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። አዳማ ስንደርስ ግን አገሩ ሌላ ነው። ፀሐይዋ ቅቤውን አቀለጠችው፣ ቅቤው ክዳኑን አልፎ ካፖርቴ ውስጥ ገባ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አየሩን ስታሸት ቆየችና፦

«አባቴ፣ ተቀብተው ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

«አዎ ልጄ፣ ሠርግ አለብኝ።»

ሙሽራይቱ ማን እንደሆነች አልጠየቀችኝም። መስኮቱን ግን እስከ ቃሊቲ ድረስ አልዘጋችውም።

ከቃሊቲ ፒያሳ ድረስ ታክሲ ቀያይሬ፣ ረዳቶቹ «ፋዘር፣ ጠጋ ይበሉ!» እያሉ ሲያጣጥፉኝ ደረስኩ። እኛ ጋ ባለባጃጁ ስሜን ብቻ ሳይሆን የወገቤን ሕመም ያውቃል፤ እዚያ ሁሉም የኔ ልጅ ነኝ ባይ ነው፣ ግን አንዱም ወንበር አይለቅም። ከታክሲው ስወርድ ደግሞ ፒያሳ የለችም። ማለቴ አለች፤ እኔ የማውቃት የለችም። ጠባቡ መንገድ ሰፍቶ፣ ዳር ዳሩ አበባ ተተክሎ፣ ለብስክሌት ሳይቀር የብቻ መንገድ ወጥቶለታል። እንደ ጠፋ በግ ስዞር አንድ ጎረምሳ አዘነልኝ።

«ወዴት ነው ፋዘር?»

«ወደ አፍንጮ በር።»

«ድሮ የሽቦ አልጋ የሚሸጥበትን ቤት ያውቁታል?»

«አሳምሬ!»

«እሱ የለም። ከሱ ወዲያ የነበረውን ፎቶ ቤትስ?»

«እንዴታ! ጉርድ ፎቶ ተነስቼበታለሁ።»

«እሱም የለም። እንግዲህ በሁለቱ መሃል ቀጥ ብለው ይውጡ።»

ትሳቁ ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ ምልክት ሳልሳሳት ደረስኩ። የሌለውን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝና።

ሙሉ በሩን ከፍታ አቀፈችኝ፣ ከዚያም ራቅ አለች። «ጋሼ፣ ቅቤ ይዘውልኝ መጡ?»

«ካፖርቴን ጭመቂው።»

እራት ላይ ጉዳዩን አስረዳችኝ። ብሎግ ማለት እያንዳንዱ ተማሪ በኢንተርኔት ላይ ያለው የራሱ ቤት ነው፤ ድርሰቱን ጽፎ በዚያ ይሰቅላል፣ አንባቢ ደግሞ ከሥር አስተያየቱን ይጽፋል። «ታዲያ ያን ሁሉ ቤት በየቀኑ ስታንኳኪ ልትውዪ ነው?» አልኳት። ለዚያ ፊድ የሚባል አለ። «የዕድር ለፋፊ በሉት» አለችኝ። በአንዱ ቤት አዲስ ነገር ሲኖር ፊዱ ጥሩምባውን ይዞ ዞሮ ይናገራል። ለእሷ ይነግራታል፤ የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም ገብቶ ይናገራል።

«ወላጆቹስ ምን ይላሉ?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ልጆቻችንን ስልክ ላይ ጣለችብን ነው የሚሉት። አንዳቸውም ከፍተው አላነበቡም። ቅዳሜ ስብሰባ አለ፤ ወላጅ ካልፈለገው ይዘጋ ብሏል ርዕሰ መምህሩ። ልጆቹም ከእኔ ሌላ የሚያነባቸው ሲያጡ እየሰለቹ ነው። ዓመቱን ሙሉ የለፋሁበት ነገር ነው፣ ጋሼ።»

«አይዞሽ፤ ባለሙያ መጥቶልሻል» አልኩ ክራቫቴን እያስተካከልኩ።

«ባለሙያ እንኳ አይደለም የፈለግሁት። ቁጭ ብሎ የሚያነብ፣ ጊዜ ያለው ሰው ነው።»

ይህን ነገር ከእሷ ጋር ተመካክራችሁ ይሆን ብዬ እስካሁን እጠረጥራለሁ።

ሐሙስ

ካፖርቴን ለብሼ ክፍል ገባሁ፤ ሌላ አልያዝኩማ። ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው። መስኮቶቹ ብቻ አንድ በአንድ ተከፈቱ።

የኮምፒውተር ክፍላቸው የኛን ቤተ መጻሕፍት ያህላል፤ ሦስት ሆነው በአንድ ማሽን ይጋፋሉ። ሙሉ የምታደርገውን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ ለዚህ ነውና የላካችሁኝ። እያንዳንዱ ልጅ የሌሎችን የክፍል ጓደኞቹን ገጽ መርጦ ይከተላል። እነሱ አዲስ ድርሰት በጻፉ ቁጥር ፊዱ ያመጣለታል፤ አንብቦ የወደደውን አንድ ዓረፍተ ነገርና ያልገባውን አንድ ነገር ይጽፍላቸዋል። እኔ የተማሪ ደብተር ቁልል ተሸክሜ ስሄድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ጊዜ ፍየል ከነምዕራፉ የበላችብኝን ታስታውሳላችሁ። እዚህ ፍየል አትደርስበትም። መብራት ግን ይሄዳል፤ በትምህርቱ መሃል ሄደና ሁላችንም በጨለመው ስክሪን ውስጥ የራሳችንን ፊት ስናይ ቆየን። የኔ እዚያ ሆኖም አያምርም።

በዚያ መሃል ናትናኤል የሚባል ዓይነ ፈጣን ልጅ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ እርስዎ ብሎግ አለዎት?»

«የለኝም ልጄ።»

«መምህር ነበሩ አሉን። ታዲያ የት ነበር የሚጽፉት?»

«ሰሌዳ ላይ።»

«ደወል ሲደወልስ?»

«ይጠፋል።»

አሰብ አደረገና «ስለዚህ ምንም የለዎትም ማለት ነው?» አለኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ እኔም እንደ ቀልድ ሳቅሁ።

ሲመሽ ሙሉ ስልኬ ላይ አስተያየት መጻፊያውን አዘጋጀችልኝ። «ወላጆቹ ሰው እያነበበላቸው መሆኑን እንዲያዩ ብዬ አስተያየቶቹንም ከፊዱ ጋር አያይዣቸዋለሁ። የሚልኩት ወዲያው ግሩፑ ውስጥ ይገባል። ገባዎት?»

«ገባኝ።»

አልገባኝም። ግን ዕድሜ ልኩን «ገባችሁ?» ሲል የኖረ ሰው በጡረታው አልገባኝም ይላል?

ዓርብ

ሙሉ ወደ ክፍሏ ስትገባ እኔ ፒያሳ ወርጄ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ፣ ስልኬን እንደ ጸሎት መጽሐፍ አርቄ ይዤ። ማኪያቶ አዘዝኩ። «የጾም ነው አይደል አባባ?» አለችኝ አስተናጋጇ። ዓርብ መሆኑን ረስቻለሁ። አሰላ ብሆን ከደጄ እስከ ገበያ የሚያስታውሰኝ አላጣም ነበር፤ እዚህም አልጠፋም ማለት ነው።

ሥራዬን ጀመርኩ። እናንተ ታውቁኛላችሁ፤ ሰላምታ አልዘልም። ሰው ቤት ገብቶ «አራት ነጥብ ይጎድልሃል» ብሎ የሚጀምር ምን ዓይነት ሰው ነው? በመጀመሪያው ልጅ ገጽ ላይ «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ላክሁ። ሰላምታ ደግሞ ተራ በተራ ነውና መልስ ጠበቅሁ። የለም። «እንደምን አደርክ?» ብዬ ላክሁ። ጠበቅሁ። «እናትህ እንዴት ናቸው?» አልኩ። ልጁ ለካ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ይማራል፤ እኔ የኮራብኝ መስሎኝ ወደሚቀጥለው ሄድኩ። አንዱን ሰላም ብሎ ሌላውን ማለፍም ነውር ስለሆነ ማንንም አልዘለልኩም። አንዷን «አባትሽስ ይሻላቸዋል?» ብያታለሁ። አባቷ ታመው አይደለም፤ የኔ ዘመን ሰው ሲጠይቅ እንዲሁ የሚጨምራት ናት።

እንዲህ እያልኩ ሄለን የምትባል ልጅ ገጽ ላይ ደረስኩ። ስለ አያቷ ነው የጻፈችው። እዚሁ ፒያሳ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። መንገደኛ ስንት ሰዓት ነው ሲላቸው፣ ግድግዳቸው ላይ የተንጠለጠሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስለሚናገሩ፣ «የትኛው ደስ ይልሃል?» ይሉት ነበር። የተቀመጡበት ቦታ አሁን የብስክሌት መንገድ ሆኗል። የመጨረሻዎቹን ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ ልጻፋቸው፦ «አያቴ ሲሞት ጠግኖ ያልጨረሰው አንድ ሰዓት ነበር። አባቴ ያንን ሰዓት ያስረዋል። ሰዓቱ አይሠራም። አባቴን ሰዓት ስጠይቀው ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ነው የሚነግረኝ።»

ስለ አራት ነጥብ የማወራበት ቦታ አልነበረም። ሰውየው ካረፉ ቆይተዋል፤ ቢሆንም እኔ ያልደረስኩት ለቅሶ ነው፤ ያልደረሱት ለቅሶ ደግሞ ዓመት ቢያልፈው ይደረሳል እንጂ አይታለፍም። «ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ላክሁ። እንደ ደንቡ ትንሽ ዝም ካልኩ በኋላ ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝኩ።

ማኪያቶው ሳይመጣ ከፊት ለፊት ካለው ወርቅ ቤት አንድ ባለ ክራቫት ሰው ስልኩን እያየ ወጣና ሽቅብ መሮጥ ጀመረ። የከተማ ሰው ለጤናው ይሮጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ በክራቫት መሆኑን አላወቅሁም። ቀጥሎ ከፀጉር ቤት አንዲት ሴት ወጣች፤ ግማሽ ፀጉሯ ተጠቅልሏል፣ ግማሹ እንደ ተለቀቀ ነው። እሷም ትሮጣለች። ሰው እየሮጠ ቁጭ ብሎ ማየት አይሆንልኝም፤ ተነስቼ ተከተልኩ።

«እኅቴ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ትምህርት ቤት ሰው ሞቷል!»

«ነፍስ ይማር!» አልኩ፤ በዚያ ጠዋት ለሁለተኛ ጊዜ። እያለከለክሁ እኔም ሮጥኩ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወላጅ በወላጅ ሆኗል። አንዱ አባት ታክሲውን ከነተሳፋሪው ግቢ ውስጥ አስገብቶታል፤ ተሳፋሪዎቹ ግማሾቹ ወርደው ያለቅሳሉ፣ አንድ ሽማግሌ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ስድስት ኪሎ ደረስን?» ይላሉ። ሙሉ ልጆቹን ሁሉ ወደ ሜዳ አወጣች፤ እናት ልጇን እየነካካች ታረጋግጣለች። ሁሉም ደህና ነው። የሒሳብ መምህሩ ብቻ ጠመኔውን እንደያዘ የሞተው እሱ ይሆን እንዴ በሚል ዓይን ይመለከተናል።

ርዕሰ መምህሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ አነበበ። ፊዱ የጻፈውን ሰው ስም አያወጣም፤ የትምህርት ቤቱን ስምና የመልእክቱን የመጀመሪያ መስመር ብቻ ነው የሚለፍፈው። ስለዚህ በየወላጁ ስልክ ላይ ጠዋቱን ሙሉ ሲጮኽ የዋለው እንዲህ የሚል ነው፦ ከትምህርት ቤቱ፣ «እናትህ እንዴት ናቸው?»። ከትምህርት ቤቱ፣ «አባትሽስ ይሻላቸዋል?»። ከትምህርት ቤቱ፣ «ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናችሁ»።

«ይህን የላከው ማነው?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

ሙሉ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ዞሬ ኋላዬን አየሁ። ከኋላዬ ያለው አጥር ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሰላምታ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተባልኩትን ሁሉ አልጽፍም። «ፋራ» የሚለው ቃል ከውስጡ የተሻለው ነበር። ርዕሰ መምህሩ «የነገው ስብሰባ አጭር ይሆናል» ሲል የሙሉ ፊት እንደ መብራቱ ጥፍት አለ። ቅቤም ስድብም ለምጃለሁ፤ ያንን ፊት ግን አልቻልኩትም።

ያ የወርቅ ቤቱ ሰው፣ አቶ ኪዳነ ይባላል፣ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም። «ነፍስ ይማር» የሚለው ከየት እንደመጣ ሊያይ መልእክቱን ነክቶት ኖሮ የሄለን ድርሰት ተከፍቶለታል። ቆሞ አነበበ፤ ጣቱ ስልኩን እየገፋ ቆየና ቆመ። ከዚያ የግራ እጁን አንጓ አየ።

«ኣቦይ ነው» አለ ለራሱ፤ በትግርኛው አባቴ ማለቱ ነው።

ሄለን አጠገቡ ናት።

«አለመሥራቱን እያወቅሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ሰዓት ስጠይቅህ ነበር እኮ፣ አባዬ።»

ሰውየው እጅጌውን በሰዓቱ ላይ ሳበ፣ እንደገና ሰበሰበው። ወደ እኔ ሲመጣ ሊመታኝ መስሎኝ ካፖርቴን ቆለፍኩ።

«እርስዎ ነዎት ነፍስ ይማር ያሉት?»

«እኔ ነኝ። ዘግይቼ ነው የደረስኩት፤ ይቅር በሉኝ።»

«ለቅሶ የደረሰ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም» ብሎ ክንዴን ያዘኝ።

ወርቅ ቤቱን ክፍቱን ትቶት ነበር የሮጠው። ስንመለስ ጎረቤቱ ጫማ ሻጭ ከበሩ ፊት በርጩማ አስቀምጦ እንደ ዘበኛ ተቀምጦለታል። ከመደርደሪያው ጀርባ ሽሮ በሸክላ እየተንተከተከ መጣልን። አቶ ኪዳነ ስለ አባቱ ሲያወራልኝ፣ ሲያጎርሰኝ፣ ደንበኛ ሲመጣ «ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ነገ» እያለ ሲመልስ ዋለ። አሰላም ቢሆን ከዚህ በላይ አይደረግልኝም።

ቅዳሜ

ስብሰባው አጭር አልሆነም። የፀጉር ቤቷ ሴትዮ ቀድማ ተነሳች። «ግማሽ ፀጉሬን ይዤ ፒያሳን አቋርጫለሁ። ያላየኝ የለም። ይዘጋ!» ጭብጨባው ደመቀ። ባለታክሲው ቀጠለ፤ «እኔ ተሳፋሪ አስለቅሻለሁ። ግን ያው ቆሜ ስጠብቅ የልጄን ከፈትኩት። መንገድ ሲዘጋ ከመኪናው ጋር እንደማወራ ጽፏል። እውነት ነው፣ አወራለሁ። ለካ ልጁ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማኛል።»

አቶ ኪዳነ ረጅም አልተናገረም። «ልጄ ምን እንደምታይ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አይዘጋብኝ» ብሎ ተቀመጠ።

እጅ ወጣ። ይዘጋ ያሉት ጥቂት አይደሉም፤ ይቆይ ያሉት ግን በለጡ። ርዕሰ መምህሩ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ፈቀደ፣ ከሁለት ግዴታ ጋር። አንደኛ፣ አስተያየት በፊድ አይለፈፍም፤ የልጆቹ ድርሰት ብቻ። ሁለተኛ፣ «እኚህ አባት» የሚጽፉትን ሁሉ መምህርት ሙሉ አስቀድማ አይታ ካልፈቀደች አይወጣም። ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ አራሚዬ ሆነች። ያቺ የፀጉር ቤቷ ሴትዮ ይዘጋ ብላ እጇን እንዳወጣች ወደ ሙሉ ጎንበስ ብላ «የኔ ልጅ የጻፈው የት ጋ ነው?» ስትላት ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እሑድ

ሙሉ እስከ ቃሊቲ ሸኘችኝ። ካፖርቴ ታጥቧል፤ ሽታው ግን ለታሪክ ቀርቷል። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ስልኬን ተቀብላኝ ስትነካካ ቆየችና መለሰችልኝ። የራሴን ገጽ ከፍታልኛለች። እኔም አሰላ እንደገባሁ የመጀመሪያ ጽሑፌን ሰቀልኩ፦ «በሰላም ገብቻለሁ።» ያቺን መስመርም ሙሉ እስክትፈቅድ ጠበቅሁ።

ይህ ሁለተኛው ነው። ስልክላት የያንዳንዳችሁን ስም ጠርቼ፣ ቤተሰባችሁን፣ ከብቶቻችሁን፣ የጓሮ ጎመናችሁን ሳይቀር ጠይቄ ነበር የጀመርኩት። «ጋሼ፣ ሰላምታው ከጉዞው ይረዝማል» ብላ ቆርጣ ጣለችው። ቅር አይበላችሁ፤ ሰላምታውን የፈለገ አጥሬ ጋ ይምጣና በአካል ይውሰድ።

ብሎጉ ይጠቅማል ወይ ላላችሁኝ መልሴ ይኸው ነው። ትናንት በዚያች በመጀመሪያዋ መስመር ሥር ናትናኤል ጽፎልኝ አገኘሁ። «አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ። «እንደምን አደሩ?» ሦስተኛው ደግሞ፦ «አሁን እኮ የማይጠፋ አለዎት።»

ለሦስቱም ተራ በተራ መልሻለሁ። ሙሉ እስክትፈቅድ እየጠበቅሁ ነው።